የጎራን ቅጠልና የሱባሺኒ እግር

በርገን፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 1998

ለተከበሩት ለአቶ ኒራፖዶ ጋየን፤ ሞይናዳንጋ ደሴት

ጄቱ፣ ከሩቅ ሆኜ እግርዎን ነክቼ እጄን ግንባሬ ላይ አሳርፋለሁ። እርስዎና ባለቤትዎ ጄቲማ እንዴት ከርማችኋል? ያለፈውን ዝናብ ግድቡ ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ የሚፈርስ ግድብ ስለሌለ ግን ጉዳዬ የሚለው ሰው የለም።

የላቦራቶሪ ጓደኞቼ የምንመረምረውን ቅጠል ማን እንደሚልክልኝ ይጠይቁኛል። «ጄቱ ነው፤ የአባቴ የአጎት ልጅ» እላቸዋለሁ። «አሃ፣ የሩቅ ዘመድ!» ይሉኛል። አባቴ ከሞተ በኋላ በጀልባ እየቀዘፈ ትምህርት ቤት ያመላለሰኝን ሰው ሩቅ ይሉታል!

ቅጠሉ ደርሶኛል። አይቆጡኝና ሳቄ ነው የመጣው። የጄቲማ ሥራ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። አንድ በአንድ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ለሙሽራ ቤት እንደሚላክ ስጦታ እርድ ተቀብቶ በቀይ ክር ታስሯል። ፕሮፌሰሩ ክሩን ፈትቶ አሸተተውና «ይኼ ቅመም ነው እንዴ?» አለኝ። እርዱ ራሱ እኛ የምንለካውን ሥራ የሚሠራ ነገር ስለሆነ መለኪያችን አበደ!

ከሥር ከነበሩት፣ እርዱ ካልነካቸው ቅጠሎች ግን ጭማቂ አወጣን። ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ይዝጋል፤ የሰናፍጭ ዘይትም ክዳኑ ተከፍቶ ከከረመ ይበላሻል። የሰው ሰውነትም ውስጥ ውስጡን ቀስ እያለ እንደዚያው ይዝጋል። ይህን ዝገት የሚከላከሉ ነገሮች አሉ፤ አንቲኦክሲደንት ይባላሉ። ከላኩልኝ የባሕር ዳር ዛፎች፣ ከማንግሮቮቹ ሁሉ፣ የጎራን ቅጠል በለጠ። ብርቱ ነው ጄቱ፣ እጅግ ብርቱ ነው።

አሁን የምለምንዎት ሌላ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተህዋስያን ይኖራሉ። የሻጋታ ዘመዶች ናቸው፤ ዛፉን ሳይጎዱ ቤቱ ውስጥ እንደ ተከራይ ተቀምጠዋል። ብርታቱ የዛፉ ይሁን የተከራዮቹ ገና አላወቅንም። ለማወቅ በሕይወት ሊደርሱልን ይገባል። ስለዚህ አይታጠብ፣ አይድረቅ፣ እባክዎን እርድም አይቀባ። ከነጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለደሴቱ መምህር ይስጡት፤ እሱ ካልካታ ያደርሰዋል። ካልካታ ያለው ኮሌጅ ፈቃዱን ስለጨረሰ በአውሮፕላን ይልከዋል።

ልጅዎ ጁቲካ

ሞይናዳንጋ፣ ማርች 22፣ 1998

ለልጄ ለጁቲካ

የጫካችን እመቤት ቦንቢቢ ክንዷን እስከ ባሕር ማዶ ዘርግታ ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ግድቡ ቆሟል፤ ፍየሎቹ ወልደዋል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ውሃው ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ሰላም ብሎን ይመለሳል።

ጄቲማሽ ተቀይማለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ «ቆሻሻ ቅጠል ለፈረንጅ? የጋየን ቤት ሰዎች የሚታጠቡበት ውሃ አጡ እንዲሉን ነው?» አለች።

«ሴትዮ፣ ቅጠሉ ውስጥ ተከራዮች አሉ ይላሉ። አጥበሽ ገደልሻቸው» አልኳት።

«ኪራይ ካልከፈሉ ይሙቷ!» አለችኝ። እንግዲህ ምን ይባላል?

እኔ ግን እንዳልሽው አደረግኩ። ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቄ ወጣሁና ከጎራኑ ከነጭቃው ሸመጠጥኩልሽ። መምህሩ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ አፍንጫውን ይዞ ወሰደው። ካልካታ እስኪደርስ ሰው ሁሉ ባቡሩ ውስጥ ቦታ ሳይለቅለት አልቀረም።

ያንን የዝገት ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ሻይ ቤትም ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አይ ስህተቴ! ከዚያን ቀን ወዲህ በደሴቱ ላይ ያልዛገ ሰው የለም። አንዱ ጉልበቴ ዛገ ይላል፤ አንዱ ጆሮዬ ይላል። አንዲት አማትማ ምራቴ ጠባይዋ ዝጓል ብላ ቅጠል ለመነችኝ።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ የሚጠጣ ነው ወይስ ላዩ ላይ የሚቀባ? ለቁስል ይሆናል? እንዲያው ሰዎቹ ስለጨቀጨቁኝ ነው። እኔ እንኳ ምንም የለብኝም።

ጄቲማሽ ሰላም ብላሻለች። ሰሞኑን መረብ ይዛ ወንዝ አትወርድም፤ ተቀመጪ ብያታለሁ። ዕድሜ ነው።

ጄቱሽ ኒራፖዶ

በርገን፣ ኤፕሪል 30፣ 1998

ጄቱ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ሰላም እላለሁ፤ ዛሬ ግን እየዘለልኩ ነው!

በሕይወት ደረሱ! ቅጠሉን ላዩን በአልኮል አጠብነው (ጄቲማ ትሳቅብን፤ ለካ እኛም እናጥባለን)። ከዚያ ቆራርጠን ሳህን ላይ አሳረፍነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከተቆረጠው ጠርዝ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ያንን ለብቻው አሳደግነው፤ ዛፍ የለ፣ ቅጠል የለ። ብቻውን ሆኖም ያንኑ ጭማቂ ይሠራል! ለካ ብርታቱ የተከራዩ ነው። ፕሮፌሰሩ በደስታ ሻዩን መጽሐፉ ላይ ደፋው። ይህ ከሠመረ ደግሞ አንድም ጎራን ሳይቆረጥ በብርጭቆ ዕቃ ማምረት ይቻላል ማለት ነው።

ይጠጣል ወይ፣ ይቀባል ወይ ላሉኝ፤ እሱ ገና ሩቅ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ግን ተአምር ነው የሚሠራው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ጄቲማ በደብዳቤዎ ግርጌ ለምን አልጻፈችልኝም? ሁልጊዜ «መቼ ነው የምታገቢው? ፈረንጁ ሁሉ ዕውር ነው ወይ?» ብላ ታክልበት ነበር። ከእርድ ቅያሜዋ ገና አልተመለሰችም?

ልጅዎ ጁቲካ

ሞይናዳንጋ፣ ጁን 14፣ 1998

ለልጄ ለጁቲካ

ቦንቢቢ ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ተአምር ያልሽውን መልሼ መልሼ አነበብኩት። ሻይ ቤት አልወሰድኩትም።

ዘንድሮ ከማር ቆራጮቹ ጋር ብዙ አልቆየሁም፤ ወቅቱ ሳያልቅ ተመለስኩ። ጎራኑን ግን በየሳምንቱ እየሄድኩ አመጣለሁ። ከጫካው ዳር ያለው ስላለቀ አሁን ገባ ማለት አለብኝ።

ከዚያ ከብልቃጡ ጥቂት ልትልኪልኝ ትችያለሽ? ጥቂት ብቻ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

በኛ ሰፈር አንዲት ሴት አለች። ጃንዋሪ ላይ የሽሪምፕ ጫጩት ልታጠምድ ጭቃው ውስጥ ስትሄድ፣ ያ እንደ ችካል ወደ ላይ የሚወጣው የዛፍ ሥር እግሯን ወጋት። ትንሽ ነገር ነበር። እስካሁን ግን አልደረቀም። ባሏ የጎራን ቅጠል ቀቅሎ ያጠጣታል፤ አተላውን ወቅጦ ያስርላታል። መጀመሪያ ላይ የተሻላት መስሎት ነበር። አሁን አውራ ጣቷ ጠቁሯል። መድኃኒቱ ከማዳኑ በፊት ያጠቁራል እንዴ? ደግሞ ውሃ አያረካትም፤ እንስራውን ጨርሳ ስትወጣ ስትገባ ታድራለች። ሥጋዋ አልቋል። ለቀጭን ሰው ስንት ቅጠል ነው መጠኑ? እሱን ብቻ ብትነግሪኝ ይበቃኛል።

ጄቲማሽ ሰላም ብላሻለች።

ኒራፖዶ

በርገን፣ ጁላይ 6፣ 1998

ጄቱ፣ እግርዎን ነክቻለሁ፤ ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ያቺ ሴት ጄቲማ ናት።

ቅጠሉን ዛሬ ያቁሙ። እርስዎ ሰው ሲታመም የሰፈር ሴት ብለው የሚሸሽጉ ሰው ነዎት፤ አባቴ ሲሞትም «ትንሽ ደክሞታል» ነበር ያሉኝ። አሁን ሁለታችንም ነገሩን በስሙ እንጥራው።

ብርቱ ነው ያልኩዎት ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ብልቃጥ ውስጥ ሐምራዊ ውሃ አለን። የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ስናደርግበት ቢጫ ይሆናል። ቶሎ ቢጫ ከሆነ ብርቱ ነው እንላለን። በቃ። ተአምር ያልኩትም ይኸው ነው፤ የቀለም መለወጥ ነው። ሰው አልጠጣውም። አይጥ እንኳ አልቀመሰውም። ቁስል ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ለቁስል ይሆናል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ በደስታ ሰክሬ በአንድ መስመር አለፍኩዎት። እንዴት ማን ቆሰለ ብዬ አልጠየቅኩም?

ውሃ መጥማቱ፣ ሥጋ ማለቁ፣ የማይድነው ቁስል፣ ይህ ሁሉ የስኳር በሽታ ይመስላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ጋ ይውሰዷት፤ መጀመሪያ በጀልባ ካኒንግ፣ ከዚያ በባቡር ካልካታ። ኮሌጅ አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቃችኋለች። ቴሌግራምም ልኬያለሁ፤ የቱ እንደሚቀድም አላውቅም። ጄቲማ አልሄድም ካለች ተሸክመው ይውሰዷት። እግሯን ልናጣ እንችላለን ጄቱ። እሷንም ልናጣ እንችላለን።

ፈርቻለሁ።

ጁቲካ

ሞይናዳንጋ፣ ኦገስት 30፣ 1998

ለጁቲካ

ቦንቢቢ ትጠብቅሽ። ይህን የምልሽ ደብዳቤ ያለ ምርቃት ስለማይጀመር ነው፤ ሆዴ ግን ተቀይሟል።

ቴሌግራምሽ ቀድሞ ደረሰ። ፖስተኛው ሻይ ቤት ትቶት ስለሄደ ከእኔ በፊት ደሴቱ ሁሉ አነበበው። «ቅጠሉን ተዉት፤ ሆስፒታል ውሰዷት» ይላል። ስገባ ሁሉም ሻዩን ማየት ጀመረ። አንዱ ብቻ ሳያስችለው፣ «ኒራፖዶ፣ ከዶክተርነትህ ተሻርክ አሉ» አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ደብዳቤሽ ኋላ መጣ። ሐምራዊ ወደ ቢጫ! ለቀለም ነው እኔ ነብር ያለበት ጫካ ስገባ የከረምኩት? ያን ጊዜ «ጄቱ፣ ቀለም ነው» ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ብርቱ ነው ስትዪኝ ብርቱ ነው አልኩ። ማንን ልመን ታዲያ?

ወሰድኳት። እምቢ አላለችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ጄቲማሽ ሱባሺኒ እምቢ ሳትል የሄደችበት ቦታ የለም። ዝናብ እየመታን በጀልባ፣ ከዚያ በባቡር ተጓዝን። ሐኪሙ ስኳር ነው፣ ከቆየም ቆይቷል አለ። ሁለት ጣቶቿን ቆረጡ። ቁስሉ ወደ ላይ ከወጣ ከጉልበቷ በታች እንቆርጣለን ብለዋል። ገና አልታወቀም። የሴቶች ክፍል ስለሆነ እኔ ማደር አልችልም፤ የእህቷ ልጅ አብራት ናት። ግድቡ ተሰንጥቆ ከየቤቱ ወንድ ሲጠራ ተመለስኩ።

እኛ ማር ልንቆርጥ ጫካ ስንገባ ሚስቶቻችን ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ። ባል እስኪመለስ ፀጉር አያበጥሩም፣ ዘይት አይቀቡም፣ በቀን እሳት አያነዱም፣ በር አይዘጉም። ሱባሺኒ ከተጋባን ጀምሮ ስታደርግልኝ ኖራለች። ሚስት ስትሄድ ባል የሚያደርገው ሥርዓት ግን የለንም። ማንም አላሰበበትም። ስለዚህ ያንኑ የነሱን እያደረግኩ ነው። ፀጉሬ ጎፍሯል። እሳት የማነደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በሬ ክፍት ስለሆነ ፍየሎቹ ገብተው አልጋዬ ላይ ይተኛሉ። ጎረቤቶቼ «ኒራፖዶ ሚስት ሆነ» ይላሉ። ይበሉ።

ቅጠል ካስፈለገሽ ሌላ ሰው ጠይቂ።

ኒራፖዶ ጋየን

በርገን፣ ሴፕቴምበር 21፣ 1998

ጄቱ፣ ቢቀየሙኝም እግርዎን እነካለሁ።

ያሉኝ ሁሉ ይገባኛል። ቅጠልም አልጠይቅም።

ጓደኛዬ በየሳምንቱ ሆስፒታል እየሄደች ትደውልልኛለች። ባለፈው ጊዜ ጄቲማ ምግብ የሚያድለውን ሰው «ይኼ ምስር ነው ወይስ የእጅ እጣቢ?» ብላ ስታፋጥጠው ደረሰች። ይህን ስሰማ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መሳደብ ከጀመረች አለች ማለት ነው።

ትናንት ፕሮፌሰሩ በሰው ፊት ስለ ሥራችን እንድናገር አደረገኝ። ብርቱ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። «በብልቃጥ ውስጥ፤ በሰው ላይ ያልተሞከረ» አልኩ። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩት፤ መጨረሻ ላይም ደገምኩት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «ገባን እኮ!» አለኝ። ይግባዎት ብዬ ቀጠልኩ።

በርዎ ክፍት እንደሆነ አስባለሁ። ፍየሎቹ ብርድ ልብሱን እንዳይበሉት። ቢሰድቡኝም ይጻፉልኝ።

ጁቲካ

በርገን፣ ኖቬምበር 2፣ 1998

ጄቱ፣ እግርዎን ነክቼ እለምናለሁ፤ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ጓደኛዬ ለዱርጋ በዓል ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ነበር። ስትመለስ የጄቲማ አልጋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ብትጠይቅ «ወጣች» ብቻ አሏት። እንዴት ወጣች? በእግሯ? በሁለት እግሯ? በሕይወቷ? የሚነግራት አጣች። ወደ ፖስታ ቤታችሁ ቴሌግራም ላክሁ፤ መልስ የለም። ማታ ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የመብራት ሒሳብ ብቻ ነው። ሻጋታዬ በሳህኑ ላይ ደህና ያድጋል፤ ሳየው ደስ አይለኝም።

ጁቲካ

ሞይናዳንጋ፣ ኖቬምበር 29፣ 1998

ለልጄ ለጁቲካ፣ ለእናትዬ

ቦንቢቢ ትጠብቅሽ፤ ዛሬ ከልቤ ነው። ያንን ሳጥን መክፈት ተዪው። ጄቲማሽ አለች፤ እግሯም አለ። የሄዱት ጣቶቿ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እስከ ጉልበቷ ነበር አለኝ። ቴሌግራምሽ ነው ያተረፈው። ይህን ሳልነግርሽ መክረሜ ነውር ነው፤ ተቀይሜ ነው ዝም ያልኩት። ውሸት ምን ያደርጋል? ግድቡ አላስቀምጥ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሱባሺኒ ከጀርባዬ ቆማ አነበበችና «አሁን ይኼን ውሸት ለልጅ ትልካለህ?» ብላ ቀደደችው።

ዱላ ይዛ ትሄዳለች። ትንሽ ለመሄጃ፣ ብዙ ፍየል ለመምታት። የስኳር መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንዲቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርነው ገንቦ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ ቀን መርፌውን አጋድሜ ስይዝ አይታ፣ «ቀጥ አድርገህ ያዝ! ሚስትህን ነው የምትወጋው፣ ዓሣ አይደለም» አለችኝ። ስኳር ያለበት ነገር ከልክለዋታል። ማር ቆራጭ አግብታ ማር ተከለከለች፤ በዚህ ምክንያት ቀን ቀን ትረግመኛለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ትለምነኛለች። አልሰጣትም።

ቅጠልም ካስፈለገሽ ጠይቂ። ሌላ ሰው ጠይቂ ያልኩትን እርሺው። እኛ ቀርተን ሌላ ሰው መቼ ታውቂያለሽ? ያ ሻጋታሽ አንድ ቀን ለሰው የሚሆን ከሆነ ይሁን፤ እስከዚያ ቢጫውንም ሐምራዊውንም እያየሽ ሥሪ። ደስ ይበልሽ ደግሞ፤ ሳየው ደስ አይለኝም ያልሽው ቆጨኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከካኒንግ በጀልባ ስንመለስ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ እግሯን በነጠላዬ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አድርጋዋለች። በድንገት፣ «ያ ቅጠልህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምንም እንደማያደርግልኝ አውቄ ነበር» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ታዲያ ያንን የመረረ ነገር ወራት ሙሉ ለምን ጠጣሽው?»

«ቁስሉን ካየህ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረህም። ጣራ ጣራ ታያለህ፤ ተነሥተህ እግሬን ትነካለህ፤ ደግሞ ትተኛለህ፤ ደግሞ ትነሣለህ። ቅጠሉን ያመጣህ ቀን ጨልጬ ጽዋውን ስመልስልህ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመርክ። እንዲህስ ከሆነ ልጠጣው አልኩ።»

ጀልባው ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ያየኛል። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

እንግዲህ ለፕሮፌሰርሽ ንገሪው። ቅጠሉ በሰው ላይ ተሞክሯል። ጠጪዋ እሷ ነበረች፤ የሚተኛው እኔ።

ጄቱሽ ኒራፖዶ